ቅሬ ለእግር የወጣ ለታ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ዓይኔን ሊያሳክመኝ ወደ ኮምቦልቻ ይዞኝ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። መንገድ እየጠገኑ ኖሯል። የፈላ ካትራሜ ሲያፈሱ ጭሱ ወደኛ መጣና ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ፣ አፍንጫውን በነጠላ ያዘ። እኔ በጎኔ ያለውን ክፈትልኝ አልኩት። «እማማ፣ ያምዎታል እኮ» አለኝ። «ግዴለህም፣ እኔና ይህ ሽታ የቆየ ትውውቅ አለን» ስለው ሳቀ። የአሮጊት ወግ መስሎታል። እኔ ግን ጉሙ ውስጥ፣ ከመንገዱ ከፍ ብላ ያለችውን ያቺን ጠፍጣፋ ቦታ በዓይኔ እፈልግ ነበር። ዓይኔ ሩቅ አያይም፤ ቢሆንም የት እንዳለች አላጣኋትም። መስኮቱን ራሴ መልሼ ዘጋሁት።

ያን መንገድ ጣሊያን ሲሠራው እኔ ገና የተዳርኩ፣ ሹሩባዬ ትከሻዬን የሚመታ ሴት ነበርኩ። ደሴ ያን ጊዜ ጦሳ ተራራ ሥር ተሸጉጣ ከጉም ጋር የምትውል ከተማ ናት። ዛሬ የምኖርበት፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው አጥር በአጥር የሆነ ሰፈር፣ ቤት እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለበት ዳገት ነበር። ሸዋ በር ላይ ዓረቦቹ ሱቅ ነበራቸው፤ ጨው፣ ላምባ፣ መርፌ፣ ክርና አቡጀዲ ይሸጡ ነበር። አቡጀዲ የሚለካው በክንድ ነው፣ ክንዱ ደግሞ የገዢው ነው። ስለዚህ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ሁሉ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ ይሄዳል። በሰፈራችን ክንደ ረጅሙ ባሌ ይመር ስለነበር፣ ለሙሽራ ቀሚስም ለሬሳ መገነዣም እሱን ነበር የሚጎትቱት። ዓረቡ ገና ከሩቅ ሲያየው «ኧረ በአላህ! ዛሬስ ሌላ ሰው አጣችሁ?» እያለ ራሱን ይይዝ ነበር። አሁን አርጅቼ ደፈርኩና ይመር እለዋለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ ባልን በስሙ መጥራት ነውር ነው፤ «አንቱ» ነበር የምለው። በአንድ ጠገራ ብር ደህና በግ ይገዛ ነበር። ጣሊያን የወረቀት ብሩን ይዞ ሲመጣ ሰኞ ገበያ የሚቀመጡት ሴቶች «ይሄ ዝናብ ቢነካው ምን ይሆናል?» እያሉ ይመልሱበት ነበር፤ ኋላ እነሱም ለመዱት። መንገድ ሠራተኞቹ ብርዱን ለመከላከል የዱቄት ጆንያ እንደ ካባ ይደርባሉ፤ ጀርባቸው ላይ የጣሊያን ፊደል ተጽፎ በጉሙ ውስጥ ሲመጡ መጀመሪያ የሚታየው ፊደሉ ነበር።

ይመር ጦርነቱ ሲነሳ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ብዙዎቹ አልተመለሱም፣ የተመለሱትም ከአካላቸው አንድ ነገር ጥለው ነው የመጡት። የሱ ጉዳት የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ነበረች፤ በመንገድ ላይ ተሰብራ በጎረቤቷ ላይ ተደርባ ቀረች። ማታ ማታ እግሩን የማጥበው እኔ ስለነበርኩ ያቺን ጣት ጨለማ ውስጥም ብትሰጡኝ አልስታትም። ከዚያ ወዲያ በሬ የለ፣ ዘር የለ፤ ቤታችን ባዶ ሆነ። ለተዋጋው ለጣሊያን ድንጋይ ሊፈልጥ ሐረጎ ወረደ። ሲሄድ ለማንም አልተናገረም፤ ሲመለስም አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከቢስቲማ የመጣ ሰይድ የሚባል ጎልማሳ የሥራ ጓደኛው ሆነ፤ ሰይድ ማደሪያ ስላልነበረው ከአጥራችን ማዶ ያለችውን ትንሽ ጎጆ ሰጠነው። አንደበቱ ያለ «ወላሂ» ቃል የማይወጣው፣ ሳቂታ ሰው ነበር።

አሁን ስለ አያ ሙሔ ልንገራችሁ። አያ ሙሔ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ነበሩ፤ በድሮው ዘመን የተወለዱ፣ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ቀጭን ሽማግሌ። ቅሬን ለማያውቅ ሰው፦ ሰው ሲሞት የሚወጣ የሰፈር ማኅበር ነው፤ እኛ ወሎዎች እስላም ክርስቲያን ብለን አንለየውም። ሬሳ ካለ ቅሬ ይወጣል። ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ያለቅሳል፤ ከዚያ ደግሞ ሐዘን የገባበትን ቤት ያበላል፣ እንጨቱን ይፈልጣል፣ ማሳውን ያርሳል። ከቅሬ የወጣ ሰው ከሰው ተራ ወጣ ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም በር እጅና እግር የሌለው ሰው ሲበዛ አያ ሙሔ ቅሬውን ሰብስበው «ለሞተ የምንወጣ፣ ለተቆረጠ ለምን አንወጣም?» ብለው ጠየቁ። ሰዉ ሳቀ። ቅሬ ያለ ቀብር ወጥቶ አያውቅማ! «እንግዲያውስ ቀብሩን አመጣላችኋለሁ» አሉ። ያመጡትም መጀመሪያ የባላምባራስ ጓንጉልን እጅጌ ነው። የባላምባራስ ግራ ክንድ ሰሜን ቀርቷል። «አስከሬኑ ለጠፋ ሰው ልብሱን አጋድመን እናለቅስ የለም ወይ? የዚህ ሰው ክንድ ሞቷል፤ ልብሱ ይኸው» አሉ። እጅጌዋ ተገንዛ ተቀበረች፣ ሴቶች አለቀሱ፣ ባለቤቱ ቁጭ ብለው የራሳቸውን ክንድ ለቅሶ ተቀበሉ። ቤታቸውም በቅሬው ታገዘ። ከዚያ ወዲያ ከጦር ሜዳ ጎድሎ የመጣ ሁሉ እንደዚያው ተለቀሰለት፤ በልመና ይኖር የነበረው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ችግሩ የሚቀበርበት ቦታ ነበር። ቄሱ ለክንድ ፍትሐት የለም አሉ፣ ሼሁም ለእግር ሰላት የለም አሉ፤ በሁለቱም መካነ መቃብር እምቢ ተባለ። አያ ሙሔ ሐረጎ ላይ የማንም ያልሆነች ያቺን ጠፍጣፋ ቦታ መረጡ። ጉብታዎቹ ትናንሽ ነበሩ፤ የማያውቅ መንገደኛ የሕፃናት መቃብር እየመሰለው «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ያልፋል። ብዙም ሳይቆይ ሰዉ እዚያ አካባቢ እንጨት መልቀም ተወ። ከብት ሣሩን አይግጥም። በጉም ውስጥ የሆነ ነገር ይረግጣል ይሉ ነበር፤ አንድ እርምጃ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። እኔም አንዴ ሰምቻለሁ፤ ቀና ብዬ ሳላይ ነው ያለፍኩት። ድንጋይ ፈላጮቹ ግን ዘፈን አወጡበት፦

ሐረጎ ጉም ለብሷል፣ መንገዱ አይታይም፣
ቀድማኝ የሄደች እግር ቆማ አትጠብቀኝም።

ይመር ቤት ሲመጣ ያንጎራጉራት ነበር፤ ደስ አትለኝም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሳይፈነዳ የቀረ ድማሚት ድንገት ፈነዳ አሉ። ይመርና ሰይድ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። የሁለቱም ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ተቀጠቀጠ፣ ኮምቦልቻ ባለው የሐኪም ድንኳን ተቆረጠ። እኔ ስደርስ ይመር ነፍሱን አያውቅም ነበር፤ ሰይድ ግን «እቴነሽ፣ አብሽሪ» ይለኛል፣ ራሱ ከንፈሩ እየነጣ። አያ ሙሔ ከኋላዬ በበቅሏቸው ደረሱ። ቀጥ ብለው ወደ ሐኪሙ ሄዱና በአስተርጓሚ «እግሮቹን ስጡኝ» አሉ። ጣሊያኑ መጀመሪያ ሳቀ፤ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወው። እግሮቹን ጨው አልብሰው፣ በአቡጀዲ ጠቅልለው፣ በቅሏቸው ላይ በግራና በቀኝ አሰሯቸው። ሁለቱ ጥቅል አንድ ዓይነት ነበር። ዳገቱን ወጣን፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ያንን ጥቅል ሲወዛወዝ እያየሁ፣ ይመርን ከማየት ይልቅ እሱን ማየት ለምን እንደሚያስፈራኝ ይገርመኝ ነበር።

ይመርና ሰይድ ቤት ከገቡ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ባላምባራስ ጓንጉል ባዶ እጅጌያቸውን ወደ ኋላ ጥለው ተነሱ። «የኔ ክንድ ለሀገር የቀረ ነው። የነዚህ እግር ለጠላት መንገድ የተሰጠ ነው። ለዚህ ቅሬ አይወጣም።»

«ይመር ካንተ ጋር አልዘመተም?» አሉ አያ ሙሔ።

«ዘምቷል። ተመልሶ ደግሞ ድንጋይ ፈለጠላቸው።»

«ቤቱ ባዶ ሆኖ ነዋ! ቅሬ ሬሳ ሲመጣለት የማን ሎሌ ነበርክ ብሎ ይጠይቃል? ሌባ ቀብረናል፣ ሽፍታ ቀብረናል። ለመዶሻ የሄደውን ሰው ነው ዛሬ የምንንቀው?»

ሰዉ ወደ መሬት አየ። ብዙዎቹ ወንድም ወይም ልጅ መንገዱ ላይ ነበራቸው፤ ግን ለእነይመር አልተሟገቱም። አንድ በአንድ እየተነሱ ሄዱ። ቤት ገብቼ ለይመር ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስለ እህሉ ማልቀስ ጀምሬ ነበር፣ ምን እንበላለን እያልኩ። «እህሉን ተይው» አለኝ። «ስሞት ማን ያነሳኛል?»

እግሮቹን የቀበርናቸው አያ ሙሔ፣ እኔና አንድ ቆፋሪ ብቻ ነን። ጉሙ እጅ ከእጅ አያሳይም ነበር። የክርስቲያኑ የይመር እግር ጣቶቿ ወደ ምሥራቅ፣ የእስላሙ የሰይድ ጣቶቿ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ሆነው፣ እንደየሃይማኖታቸው ተጋደሙ። ለቅሶ የለ፣ ንፍሮ የለ። ስንመለስ አያ ሙሔ እንደ ወትሯቸው ዱዓ አላደረጉም።

ሁለቱም ሰዎች ቁስላቸው ደረቀ። ነገሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ይመር ብድግ ብሎ «ማነው?» አለ። «ምን ሆኑ?» ስለው «እግሬን አታጠቢኝ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል» አለኝ። እኔ በእጄ ምንም አልያዝኩም። ታጠበች የተባለችው እግር ደግሞ ሐረጎ ላይ ናት። ሕልም ነው ብዬ አስተኛሁት። ቀትር ላይ፣ ቁጭ ብሎ ገመድ እየገመደ፣ እንደገና ደንገጥ አለ፤ አየር ላይ፣ እግር ባልነበረበት ቦታ፣ በእጁ ውሃ ሲጠርግ አየሁት። ማታም እንዲሁ። በጣቶቼ መሃል ሳይቀር ያጥበኛል ይላል። ከቀን ወደ ቀን መብላት ተወ። ዓይኖቹ ጎደጎዱ፣ ቅሬ ሳይወጣልኝ የመቃብር ውሃ ነካኝ ይል ጀመር። እኔም ፈራሁ። ባሌን ማለት ነው የፈራሁት፤ አጠገቡ ስተኛ ያ የማላየው ውሃ እኔንም የሚነካኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አጥሩ ሥር ማገዶ ስሰበስብ በማዶ ሰይድን አየሁት። ለሱብሂ ሰላት ውዱእ ያደርጋል። እጁን ታጠበ፣ ፊቱን ታጠበ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ማንቆርቆሪያውን ወደ ቀኝ አዞረና እግሩ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ አፈሰሰው። ውሃው መሬት ሲነካ ከኋላዬ፣ ከቤት ውስጥ፣ ይመር ጮኸ።

«ሰይድ!» አልኩት። «ምን እያደረግክ ነው?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው እቴነሽ። ቀኟን ሳላጥባት መስገድ አልችልም። ግን ወላሂ ውሃው አይነካኝም። ሌላው ሰው እግሩ ከተቆረጠ በኋላም ይሰማኛል ይላል፤ የኔ ግን የለችም። የሌላ ሰው እግር የማጥብ ነው የሚመስለኝ።»

ወደ አያ ሙሔ ቤት ጫማ ሳላደርግ ሮጥኩ። ነገርኳቸው። ጺማቸውን ያዙ። «ጥቅሎቹ አንድ ዓይነት ነበሩ» አሉ በመጨረሻ። «ጉም ነበር። ያ ረቢ፣ ምን አደረግኩ?»

በማግስቱ ቅሬው እንደገና ተሰበሰበ። አያ ሙሔ አልለመኑም። «ለእግር ውጡ አላልኳችሁም» አሉ። «የእስላም ሥጋ ወደ ምሥራቅ ተጋድሟል። የክርስቲያን ሥጋ ወደ ቂብላ ተጋድሟል። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። መቃብር ያለ ቅሬ አይከፈትም፤ እንግዲህ እምቢ ካላችሁ ጥፋቱ የሁላችንም ነው።» ቄሱ አማተቡ። ሼሁ «አዑዙ ቢላህ» አሉ። ለሰው ያልራራው ስብሰባ ይህንን ሲሰማ ተንጫጫ። በሕይወት ያለውን ሰው ሊተወው ይችላል፤ በተሳሳተ አቅጣጫ የተቀበረን ሥጋ ግን ትቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ለፋፊው ጉብታ ላይ ወጥቶ ጮኸ። ቅሬ ውጡ! አለ።

እንደዚያ ቀን ያለ ቀብር ከዚያም በፊት ከዚያም ወዲያ አላየሁም። ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ በጉሙ ውስጥ ወደ ሐረጎ ወረደ። ቃሬዛ ላይ ሰው ተኝቶ ሲሄድ ነው የማውቀው፤ ይመር ግን ቃሬዛው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ ያይ ነበር። ሰይድ በበቅሎ ተከተለ። ከታች መንገዱ ላይ የሚሠሩት ሰዎች መዶሻቸውን ጣሉ፣ ጆንያቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ባላምባራስ ጓንጉል ከሁሉም ኋላ ብቻቸውን ይመጡ ነበር።

መጀመሪያ የተከፈተው የይመር ነው። ቃሬዛውን አስጠጉት። አያ ሙሔ ጎንበስ ብለው አቡጀዲውን ገለጡ። እኔ ከይመር ትከሻ ኋላ ቆሜ ነበር። ጨው የጠበቃት እግር፣ የደረቀች፣ የጠቆረች፤ ትንሿ ጣት በጎረቤቷ ላይ ተደርባለች። ምንም አልተሳሳተም ነበር። ያቺ እግር የባሌ ነበረች፣ በቦታዋ ነበረች፣ ጣቶቿ ወደ ምሥራቅ ነበሩ። ታዲያ ያ ውሃ የት ነው ሲፈስ የነበረው? ይመር ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ቀና ብሎ ዙሪያውን የቆመውን ሰው አየ።

«ይቺ የኔ አይደለችም» አለ።

ሰይድን ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ወሰዱት። እሱም አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ይመር ላከ። ያ ሳይምል የማይናገር ሰው፣ ያን ለታ ሳይምል «የኔም አይደለችም» አለ።

አያ ሙሔ እያለቀሱ አቀያየሯቸው። የባሌ እግር ወደ ቂብላ ተጋደመች፣ የሰይድ ወደ ምሥራቅ። ሴቶቹ እሪ አሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ትልቅ ሰው ሞት አለቀሰ። ባላምባራስ ጓንጉል መጡና ባለቻቸው አንድ እጅ አፈር ዘግነው ጣሉ፣ ከዚያ ቃሬዛው አጠገብ ቆመው ቀሩ። ሲመለሱ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የያዙት እሳቸው ናቸው። ቤታችን ንፍሮው መጣ፣ እንጨቱ መጣ፣ ሰው ሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ የጎደለ ሁሉ ያለ ክርክር ተለቀሰለት።

በዚያ ምሽት ሰይድ ለመግሪብ ሰላት ውሃ ሲያፈስ ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅኩ። ይመር አልነቃም፣ አልደነገጠም፤ እንደ ሕፃን ተኝቶ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ግን ሰይድ ሲያለቅስ ሰማሁት። «ነካኝ» ይላል፣ «ወላሂ ውሃው ነካኝ።» ይህንን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። በትክክል የተቀበረውን አሳስተን ስንቀብር ነገሩ ዝም አለ። ቄስም ሼህም አልጠየቅኩም፤ የሚሰጡኝን መልስ እፈራዋለሁ።

ይመር ጣሊያን ከወጣ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ልጆች ወለድን፤ በክራንች እየሄደ ለሰፈሩ አቡጀዲ መለካቱን አልተወም። ሲሞት ቅሬው አነሳው፣ ቤተ ክርስቲያን አገባው፤ አንዲት እግሩ ግን ሌላ ቦታ ሌላ አቅጣጫ ታያለች፣ እሷ ስትነሳ ወዴት እንደምትሄድ አላውቅም። ነገሩን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኩት፣ ሁለታችንም ሸምግለን፣ ደጅ ፀሐይ እየሞቅን።

«አንቱ፣ ያን ለታ እግርዎን አላወቋትም?»

እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«እንዴት አላውቃት» አለ። «እሷም አውቃኛለች። ግን ሰዉ ሁሉ ወጥቶልኝ ነበር።»